ራሱን የሚከፍል ሥራ ሳይሠራ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ስለ ነባር ሕንፃዎች ቆጣቢ ማሻሻያና ስለ ሕግ ድርሻ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ ከተማ አየር መበከል ሲነገር በቅድሚያ የሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ አውቶሞቢል ጢስና ወደ ፋብሪካ የጭስ ማውጫ ነው። ሕንፃ በአንድ ቦታ ቆሞ የሚኖር፣ ከውጭ ሲታይም ምንም የማያቃጥል ስለሚመስል ከተጠያቂዎች ተራ የሚያስገባው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በኒው ዮርክ ከተማ የሚደረገው የጋዝ ልቀት ቆጠራ የሚያስረዳው ሌላ ነው። ከከተማይቱ ወደ አየር ከሚለቀቀው ምድርን አሙቂ ጋዝ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚመነጨው ሕንፃዎች ከሚጠቀሙበት ኃይል ነው። ከዚህም ከፊሉ በየምድር ቤቱ በተተከሉት ቦይለሮች ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝና ዘይት፣ ከፊሉም ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለአሳንሰር የሚያስፈልገውን ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩት ጣቢያዎች የሚወጣ ነው።

ለዚህ ችግር አዲስ ሕንፃዎችን በተሻለ ዘዴ መሥራት ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። ለረጅም ዘመን ተሠርታ ባለቀች ከተማ ውስጥ በ2050 ቆመው የሚገኙት ሕንፃዎች አብዛኞቹ ዛሬም ያሉት ናቸው። ስለሆነም የልቀቱ ዕጣ የሚወሰነው ገና በሚነደፉት ሳይሆን አስቀድሞ በተሠሩት ሕንፃዎች ነው። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሙያው የተሠማሩ ሰዎች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። በነባር ሕንፃዎች ላይ ከሚደረጉት ማሻሻያዎች ውስጥ ብዙዎቹ በሚቆጥቡት የነዳጅና የኤሌክትሪክ ሒሳብ ወጪያቸውን በጥቂት ዓመታት ይመልሳሉ። ይህ እውነት ከሆነ ግን ተከታዩ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ራሱን የሚከፍል ሥራ ሳይሠራ የሚቀረው ለምንድን ነው? ባለንብረቱ ገንዘቡን የሚጠላ ሰው አይደለም። መሐንዲሱም መፍትሔውን አላጣውም። የዚህ ንግግር ዓላማ ለጥያቄው መልስ በመፈለግ፣ የምሕንድስናና የሕግ ድርሻ የሚገናኙበትን ቦታ በኒው ዮርክ ተሞክሮ ማሳየት ነው።

፩. ሙቀቱ የሚባክንበት መንገድ

በኒው ዮርክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩት አያሌ የመኖሪያ ሕንፃዎች የሚሞቁት በእንፋሎት ነው። በምድር ቤት የተተከለው ቦይለር ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን በቧንቧ ወደ ላይ ይልካል። እንፋሎቱም በየክፍሉ ወዳለው ራዲያተር ገብቶ ሙቀቱን ከሰጠ በኋላ ወደ ውሃነት ተለውጦ ይመለሳል። አሠራሩ ቀላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ጉድለቱ ግን ሙቀቱን እኩል አለማከፋፈሉ ነው። ለቦይለሩ የቀረቡት ክፍሎች ከመጠን በላይ ሲግሉ በቧንቧው መጨረሻ ላይ ያሉት ይበርዳቸዋል። የሕንፃው ኃላፊ አቤቱታ እንዳይመጣበት ቦይለሩን የሚያሠራው በጣም በሚበርደው ክፍል ልክ ነው። በዚህም የተነሣ የተቀሩት ነዋሪዎች በጃንዋሪ ብርድ መስኮት ከፍተው ይቀመጣሉ። በገንዘብ የተገዛው ነዳጅ የመንገዱን አየር ሲያሞቅ ይከርማል ማለት ነው።

ለዚህ ችግር የሚሰጠው መፍትሔ ውድ አይደለም። እርቃናቸውን የሚሄዱትን የእንፋሎት ቧንቧዎች በሙቀት መከላከያ መሸፈን፣ አየሩ ከዋናው ቧንቧ ቶሎ እንዲወጣ የአየር ማስወጫዎቹን መለወጥ፣ የተበላሹትን የእንፋሎት ማገጃ ወጥመዶች መጠገን፣ በየራዲያተሩ የክፍሉን ሙቀት ተከትሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ማድረግ፣ ቦይለሩም በውጭው ብርድ ብቻ ሳይሆን በክፍሎቹ ውስጥ በሚለካው ሙቀት እንዲመራ መቆጣጠሪያውን ማሻሻል ይበቃል። በዚህ ላይ በጣራውና በመስኮቱ ዙሪያ፣ እንዲሁም በአሳንሰሩ ጉድጓድ አናት አየር የሚያስገቡትን ክፍተቶች መድፈን ይጨመራል። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም አዲስ ግኝት አይደለም፤ ሁሉም በማናቸውም የቧንቧ ሠራተኛ እጅ የሚከናወኑ ናቸው።

በትልልቅ የቢሮ ሕንፃዎች ውስጥ ደግሞ ብክነቱ በሞተርና በአየር ማራገቢያ በኩል ይመጣል። ማራገቢያው በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ለሚደርሰው ከፍተኛ ፍላጎት ተመጥኖ ይገዛና ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ፍጥነቱ ይሠራል። እንደሚታወቀው ማራገቢያ የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር የተመጣጠነ ነው። ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ዝቅ ቢል የሚፈጀው ኃይል ወደ 51 በመቶ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ የሞተሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚለዋውጥ መሣሪያ መግጠም ማሽኑን ሳይለውጡ የኃይሉን ወጪ ወደ ግማሽ የማውረድ ዕድል ይሰጣል።

፪. አንድ የታወቀ ምሳሌ

የዚህ ዓይነቱ ሥራ በትልቅ ሕንፃ ላይ ምን ያህል እንደሚያዋጣ በሰፊው የታወቀው በኤምፓየር ስቴት ሕንፃ እድሳት ነው። ሕንፃው በ1931 የተመረቀ፣ 102 ፎቆች ያሉት ነው። በ2009 ይፋ በሆነው የእድሳት ፕላን ውስጥ ኃይልን የሚመለከቱት ዕርምጃዎች ከ60 በላይ ከሆኑ ሐሳቦች ተጣርተው በስምንት ተወሰኑ።

ከሁሉ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ሕንፃው የነበረው የማቀዝቀዣ መሣሪያ አርጅቶ ስለ ነበር በተለመደው አሠራር ቢሆን መጀመሪያ የሚታሰበው አዲስና ከፍ ያለ ኃይል ያለው መሣሪያ መግዛት ነው። የእድሳቱ መሐንዲሶች ግን በተቃራኒው ጀመሩ። መጀመሪያ ሙቀትና ብርድ የሚገባበትን በር ዘጉ። የሕንፃው 6,514 መስኮቶች ወደ ውጭ ተጥለው በአዲስ አልተተኩም። ከቦታቸው እየተነሡ በዚያው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ በተቋቋመ ወርክሾፕ ውስጥ በሁለቱ መስተዋት መካከል ስስ ሽፋንና ጋዝ ተጨምሮባቸው ተመልሰው ተገጠሙ። ከነበረው መስተዋት አብዛኛው እንደገና በሥራ ላይ ዋለ። ከራዲያተሮቹ ጀርባ ደግሞ ሙቀቱ በግድግዳው በኩል እንዳይወጣ ወደ ክፍሉ የሚመልስ መከላከያ ተደረገ። የመብራቱና የአየር ማናፈሻው አሠራር ተሻሻለ። በዚህ ሁሉ የማቀዝቀዣው ከፍተኛ ጭነት በአንድ ሦስተኛ ያህል ስለ ቀነሰ አሮጌውን መሣሪያ አውጥቶ በአዲስ መተካት አላስፈለገም። ያለውን አድሶ ማሠራት በቂ ሆነ።

ለኃይል ቁጠባ ሲባል በተጨማሪ የወጣው ገንዘብ 13.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ፕላኑ ያስቀመጠው ቁጠባ 38 በመቶ፣ በገንዘብም በዓመት 4.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህ ስሌት ወጪው በሦስት ዓመት ያህል ይመለሳል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። አስቀድሞ ጭነቱን መቀነስ፣ ቀጥሎ ለተቀነሰው ጭነት ማሽኑን መመጠን ይገባል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ እንደ ሆነ ባለንብረቱ ለሚባክን ሙቀት የሚያገለግል ትልቅ ማሽን ይገዛል፤ ማሽኑም ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያንኑ ብክነት ሲያስቀጥል ይኖራል።

፫. ሦስቱ መሰናክሎች

አንድ ሕንፃ ይህን ካደረገ ሌሎቹ በሺህ የሚቆጠሩት ለምን ወዲያው አልተከተሉም? ምክንያቶቹ በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው አለመታየት ነው። ባለንብረቱ የነዳጅና የኤሌክትሪክ ሒሳቡን በየወሩ ይከፍላል እንጂ ሕንፃው ከጎረቤቱ ሕንፃ ጋር ሲነጻጸር ይብለጥ ወይም ይነስ አያውቅም። በካሬ ሜትር ተሰልቶ ካልቀረበለት ብክነቱን እንደ ግብር ያለ የማይቀር ዕዳ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ሁለተኛው የከፋዩና የተጠቃሚው መለያየት ነው። ኤሌክትሪኩን ተከራዩ በሚከፍልበት ሕንፃ ውስጥ ባለንብረቱ ገንዘብ አውጥቶ መብራቱን ቢያሻሽል ቁጠባው የሚገባው ወደ ተከራዩ ኪስ ነው። ማሞቂያው በኪራዩ ውስጥ ተጠቃሎ በሚከፈልበት ቤት ደግሞ ተከራዩ መስኮት ቢከፍት የሚጎዳው ባለንብረቱ ነው። በሁለቱም በኩል ማሻሻል የሚችለው ሰውና ከማሻሻሉ የሚጠቀመው ሰው አንድ አይደሉም። የኤምፓየር ስቴት ፕላን ከስምንቱ ዕርምጃዎች መካከል የተከራዮችን ክፍል መብራትና የተከራዮችን ፍጆታ ክትትል ያስገባው ይህን በመረዳት ነው። ባለንብረቱ የራሱን ድርሻ ብቻ ቢያከናውን ቁጠባው ጎዶሎ ይቀር ነበር።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ቦይለር የሚለወጠው በክረምት መካከል ሲሰበር ነው። ነዋሪዎች በብርድ እየተንቀጠቀጡ ሳሉ ስለ ጭነት ቅነሳ የሚያጠና ባለንብረት የለም። አሮጌውን የሚመስል አዲስ ቦይለር በአስቸኳይ አስመጥቶ ይተክላል። በዚህ አኳኋን ለአንድ ትውልድ የሚጸና ውሳኔ በአንድ ሳምንት ጥድፊያ ይወሰናል።

ሦስቱም መሰናክሎች የቴክኒክ ዕውቀት ጉድለቶች አይደሉም። ስለዚህ በተሻለ ቫልቭ ወይም በተሻለ መስተዋት ብቻ አይወገዱም። የሕግ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

፬. ከመለካት ወደ ማስገደድ

የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት በዲሴምበር 2009 ትልልቅ ሕንፃዎችን የሚመለከቱ ተከታታይ ሕጎች አጸደቀ። በእነዚህም መሠረት ስፋታቸው ከ50,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከ4,600 ካሬ ሜትር ያህል የሚበልጡ ሕንፃዎች የኃይል ፍጆታቸውን በየዓመቱ ለከተማይቱ እንዲያስታውቁ፣ በየአሥር ዓመቱም ሕንፃቸውን በባለሙያ እንዲያስመረምሩና ያሉትን መሣሪያዎች አሠራር እንዲያስተካክሉ ተደነገገ። ፍጆታውን የማስታወቁ ግዴታ በ2016 በወጣ ሕግ ከ25,000 ካሬ ጫማ በላይ ወደሆኑት ሕንፃዎች ተስፋፋ። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ሕንፃዎቹ ያገኙትን ደረጃ በፊደል ጽፈው በመግቢያቸው ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። ይህ ሁሉ የመጀመሪያውን መሰናክል፣ ማለትም አለመታየትን የሚያስወግድ ነው።

ሆኖም በ2009ኙ ውይይት ጊዜ አንድ ዋና ነገር ቀርቷል። ረቂቁ በምርመራው የተገኙትንና ወጪያቸውን በአጭር ጊዜ የሚመልሱትን ማሻሻያዎች ባለንብረቶች እንዲፈጽሙ የሚያስገድድ ነበር። ከባለንብረቶች በኩል ብርቱ ተቃውሞ በመነሣቱ ግን ይህ ክፍል ከረቂቁ ወጣ። ምርመራው ግዴታ ሆኖ ቀረ፤ መፈጸሙ ግን ለባለንብረቱ ፈቃድ ተተወ። ውጤቱም እንደሚጠበቀው ነው። ጥሩ ሪፖርት ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሕመሙን ማወቅ ብቻውን አያድንም።

በኤፕሪል 2019 የጸደቀው የከተማይቱ ሕግ ቁጥር 97 ይህን ክፍተት የሚሞላ ነው። ሕጉ የሚመለከተው ከ25,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከ2,300 ካሬ ሜትር ያህል የሚበልጡትን ሕንፃዎች ሲሆን፣ ቁጥራቸው ወደ 50,000 ይገመታል። አስተሳሰቡም ከ2009ኙ ረቂቅ የተለየ ነው። ይህን ቫልቭ ግጠም፣ ያን ቧንቧ ሸፍን ብሎ አያዝዝም። ለእያንዳንዱ የሕንፃ ዓይነት በካሬ ጫማ ሊለቀቅ የሚችለውን ከፍተኛ የካርቦን መጠን ይወስናል። ወሰኑን የሚጠብቅበትን መንገድ የሚመርጠው ባለንብረቱና መሐንዲሱ ናቸው። ከወሰኑ በላይ ለሚለቀቀው ለእያንዳንዱ ቶን በዓመት 268 ዶላር መቀጫ ይከፈላል። የመጀመሪያው ዘመን ከ2024 እስከ 2029 የሚቆይ ሲሆን፣ በ2030 የሚጀምረው ሁለተኛው ዘመን እጅግ የጠበቀ ነው። ዓላማውም በሕጉ ከሚገዙት ሕንፃዎች የሚወጣውን ልቀት በ2030 በ40 በመቶ መቀነስ ነው። ከተማይቱም ሕጉን በግል ባለንብረቶች ላይ ብቻ አልጣለችም። በመንግሥት ሥራዋ የሚለቀቀውን በ2030 በ50 በመቶ እንድትቀንስ ራሷን አስገድዳለች።

የዘመኑ በደረጃ መከፈል ለሦስተኛው መሰናክል መልስ ነው። ባለንብረቱ የ2030ን ወሰን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ቦይለሩ ሳይሰበር የሚተካበትን ፕላን ያዘጋጃል። ከሕጉ ጋር አብሮ የጸደቀው ሌላ ሕግ ደግሞ ለማሻሻያው ሥራ የሚሆን ረጅም ብድር አቋቁሟል። ብድሩ የሚያያዘው ከባለንብረቱ ጋር ሳይሆን ከንብረቱ ጋር ነው። ሕንፃው ቢሸጥ ዕዳውም ጥቅሙም ለገዢው ይተላለፋል።

፭. ሕጉ ለመሐንዲሱ የሚያቀርበው ስሌት

የሕጉ አሠራር በቀላል ምሳሌ ይገለጻል። ስፋቱ 100,000 ካሬ ጫማ የሆነ የመኖሪያ ሕንፃ አለ እንበል። ለመኖሪያ ሕንፃ በመጀመሪያው ዘመን የተፈቀደው 0.00675 ቶን በካሬ ጫማ ስለሆነ የሕንፃው ወሰን 675 ቶን ነው። ሕንፃው 775 ቶን የሚለቅቅ ከሆነ በትርፉ 100 ቶን ምክንያት በዓመት 26,800 ዶላር ይከፍላል። በ2030 ወሰኑ ወደ ግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ 335 ቶን ገደማ ይሆናል። ሕንፃው ምንም ሳያሻሽል ልቀቱ ባለበት ቢቀጥል ትርፉ 440 ቶን፣ መቀጫው ወደ 118,000 ዶላር ይደርሳል። ከዚህ በፊት ቁጠባው የነዳጁን ዋጋ ብቻ የሚያድን ሆኖ ስምንት ዓመት የሚፈጅ ይመስል የነበረው ማሻሻያ፣ መቀጫውም ሲታሰብ ቶሎ የሚመለስ ወጪ ይሆናል። ሕጉ የምሕንድስናውን ሥራ አልለወጠውም፤ የለወጠው የአለመሥራትን ዋጋ ነው።

ስሌቱ የመሣሪያ ምርጫንም ይመለከታል። በሕጉ የመጀመሪያ ዘመን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 0.289 ኪሎግራም ካርቦን እንደሚያስወጣ ተቈጥሯል። ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኝ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ደግሞ 0.18 ኪሎግራም ያህል ነው። ቅልጥፍናው 80 በመቶ የሆነ ቦይለር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ለክፍሉ ሲሰጥ 0.23 ኪሎግራም ገደማ ያስወጣል ማለት ነው። በቦይለሩ ፈንታ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቢተከል ልቀቱ 0.289 ይሆናልና ይብሳል። ከውጭ አየር ሙቀት ቀድቶ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ሂት ፓምፕ የተባለው መሣሪያ ቢተከል ግን በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ሙቀት ስለሚሰጥ ልቀቱ ወደ 0.10 ይወርዳል። ስለዚህ ጋዝን በኤሌክትሪክ መተካት እንዲያው በጅምላ ሊነገር አይገባውም። በምን መሣሪያ እንደሚተካ፣ ኤሌክትሪኩም ከምን እንደሚመነጭ መታየት አለበት። ከ2030 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ የተያዘው ቁጥር ወደ 0.145 ዝቅ ስለሚል የሂት ፓምፑ ብልጫ ከዚህም ይሰፋል።

እዚህ ላይ የኤምፓየር ስቴት ቅደም ተከተል እንደገና ይመጣል። ሙቀቱ በየክፍተቱ እየወጣ ሂት ፓምፕ የሚተክል ባለንብረት የሚገዛው መሣሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ይሆናል። ወደ ሕንፃው የሚገባው የኤሌክትሪክ መስመርም ላይበቃው ይችላል። አስቀድሞ ቧንቧውን የሸፈነና ክፍተቱን የደፈነ ግን ባነሰ መሣሪያ፣ ባነሰ ገንዘብ ይወጣዋል።

፮. በሕጉ ላይ የተነሡ ተቃውሞዎች

ሕጉ ያለ ተቃውሞ አልሄደም፤ ከተነሡት ክርክሮችም አንዳንዶቹ በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም።

አንደኛው የነዋሪ ባለንብረቶች አቤቱታ ነው። በኒው ዮርክ ብዙ የመኖሪያ ሕንፃዎች ነዋሪዎቹ ራሳቸው በኅብረት የሚያስተዳድሯቸው ናቸው። ከነዚህም ውስጥ በጡረታ የሚኖሩ ሰዎች ያሉባቸው ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ የማሻሻያው ወጪ የኩባንያ ሒሳብ ሳይሆን የቤተሰብ ገንዘብ ነው። ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ቀርቦ የክፍለ ግዛቱ የአየር ንብረት ሕግ የከተማይቱን ሕግ ይሽራል የሚል ክርክር ተደርጓል። በ2025 የክፍለ ግዛቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አይሽርም ሲል ወስኗል። ከዚያ አስቀድሞ በ2023 የወጣው ደንብ የመጀመሪያውን ወሰን መጠበቅ ላልቻሉት፣ ነገር ግን በቅን ልቦና ፕላን አውጥተው ሥራ ለጀመሩት ባለንብረቶች ተጨማሪ ጊዜ የሚያገኙበትን መንገድ ከፍቷል። ይህን ከተማይቱ ተሸነፈች ብለው የነቀፉ አሉ፤ ሕጉ በሕይወት እንዲኖር ያስቻለ ዘዴ ነው ያሉም አሉ።

ሁለተኛው የተከራዮች ጉዳይ ነው። የክፍለ ግዛቱ የኪራይ ሕግ ባለንብረቱ ለትልልቅ ማሻሻያዎች ያወጣውን ገንዘብ በከፊል በተከራዩ ላይ እንዲጨምር ይፈቅዳል። ለአየር ንብረት ተብሎ የወጣ ሕግ ድሃውን ከቤቱ የሚያስወጣ እንዳይሆን፣ ኪራያቸው በሕግ የተወሰነ ቤቶች የሚበዙባቸው ሕንፃዎችና የአምልኮ ቤቶች ወሰኑን ከመጠበቅ ፈንታ 13 የተወሰኑ ቀላል ሥራዎችን ፈጽመው ግዴታቸውን እንዲወጡ ተፈቅዶላቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ የቧንቧ ሽፋን፣ የእንፋሎት ወጥመዶች ጥገና፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ማስተካከልና የመብራት ማሻሻያ ይገኛሉ። ልብ ሊባል የሚገባው እነዚህ ሥራዎች በመጀመሪያው ክፍል የተዘረዘሩት ርካሽ መፍትሔዎች መሆናቸው ነው። ለድሃው የተደረገው ቅናሽ ለሁሉም የሚበጀው የመጀመሪያ ደረጃ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው ክርክር ኃላፊነቱ ከባለንብረቱ አቅም ውጪ ነው የሚል ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ከጋዝ ከሆነ ባለንብረቱ ምን ያድርግ? በኤፕሪል 2021 ከከተማይቱ በስተ ሰሜን የነበረው የኢንዲያን ፖይንት የኑክሌር ጣቢያ ሲዘጋ ያካባቢው ኤሌክትሪክ በጋዝ ላይ ያለው ጥገኝነት ጨምሯል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። መልሱ ግን ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው የሚል እንጂ አንዱ ሌላውን ይጠብቅ የሚል ሊሆን አይችልም። ባነሰ ኃይል የሚሠራ ሕንፃ ለንጹሑ ጣቢያም ሸክሙን ያቀልለታል።

የሕጉን ፍሬ ሙሉ በሙሉ ለመመዘን ጊዜው ገና ነው። በሕጉ መሠረት የመጀመሪያው ሪፖርት መቅረቢያ ሜይ 1 ቀን 2025 ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሕንፃዎች ቀድሞውኑ ከመጀመሪያው ወሰን በታች ነበሩ። እውነተኛው ፈተና የ2030 ወሰን ነው። ፖለቲካው ከተለወጠ ወሰኑ ሊላላ ይችላል፤ መቀጫው ከማሻሻሉ ይልቅ የቀለላቸው ባለንብረቶችም ከፍለው ሊያልፉ ይችላሉ። ይህም ማለት ሕግ የተጻፈ ዕለት ሳይሆን የሚጸናው በተፈጸመ ዕለት ነው።

፯. ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰድ

የኒው ዮርክን ቁጥሮች እንዳሉ ወስዶ ወደ አዲስ አበባ ማዛወር ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ የሚገኘው በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሆነ አንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚያስወጣው ካርቦን እጅግ አነስተኛ ነው። በደጋ አየር ውስጥም ለእንፋሎት ማሞቂያ የሚሆን ክረምት የለም። ነገር ግን የጥያቄው አነሣሥ ይጠቅማል። መብራት ሲጠፋ በምድር ቤት የሚነሣው የናፍጣ ጄኔሬተር በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 0.8 ኪሎግራም ያህል ካርቦን ያወጣል። ይህም የኒው ዮርክ ኤሌክትሪክ ከሚያወጣው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነው። የሕንፃውን ጭነት መቀነስ ማለት በዚህ አገር በመጀመሪያ የጄኔሬተሩን መጠንና የሚሠራበትን ሰዓት መቀነስ ማለት ነው። መስኮት ተከፍቶ ነፋስ ሊያቀዘቅዘው በሚችልበት ከተማ ውስጥ ከእግር እስከ ራሱ በመስተዋት የሚሸፈን ሕንፃ ፀሐይን አስገብቶ ማቀዝቀዣ ማሽን እንዲገዛ ራሱን ያስገድዳል። ሲሚንቶ ሲመረት የኖራ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ስለሚያወጣም፣ ያለውን ሕንፃ አድሶ ማቆየት አፍርሶ ከመሥራት ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ለኢትዮጵያ መሐንዲሶች ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን የኒው ዮርክ መንገድ የወሰደው ጊዜ ነው። ከመለካት እስከ ማስገደድ አሥር ዓመት፣ ከማስገደድ እስከ መጀመሪያው ሪፖርት ስድስት ዓመት አልፏል። ይህ ሁሉ ሊጀመር የቻለው በየሕንፃው ስንት ኃይል እንደሚፈጅ የሚያሳይ መዝገብ ስለ ተከፈተ ነው። መዝገብ ለመክፈት መቀጫም ብድርም አያስፈልግም። ቆጣሪ፣ የሕንፃው ስፋትና በየወሩ ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ይበቃሉ።

ወደ መነሻው ጥያቄ ሲመለሱ መልሱ እነሆ። ራሱን የሚከፍል ሥራ ሳይሠራ የሚቀረው ብክነቱ ስለማይታይ፣ ከፋዩና ተጠቃሚው ስለሚለያዩና ውሳኔው በጥድፊያ ስለሚወሰን ነው። መሐንዲሱ ሥራው የሚያዋጣ መሆኑን ያስረዳል፤ ሕግ ደግሞ የሚያዋጣው ሥራ የሚሠራበትን ሁኔታ ያመቻቻል። አንዱ ያለ ሌላው የቀረ እንደ ሆነ የምሕንድስናው ጥናት በመደርደሪያ ላይ፣ ሕጉም በወረቀት ላይ ይቀራሉ፤ ቦይለሩም መስኮት ተከፍቶለት መሥራቱን ይቀጥላል።